የድሬዳዋ ዛፍ የሚያብበው ሲጠማው ነው

ግንቦት ሲገባ በድሬዳዋ፣ በከዚራ ሰፈር ጎዳናዎች መሄድ ሌላ ነገር ነው። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ባጃጆቹ ጥላ ፍለጋ ዛፍ ሥር ተደርድረዋል። ዝናብ የለም፣ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ብቻ ሆኗል፣ የመንገድ ዳር ሣሩ ከደረቀ ቆይቷል። ዛፉ ግን ከላይ እስከ ታች ቀይ ለብሶ ቆሟል። ከሥሩ ያለው አስፋልት እንኳ በረገፈው አበባ ቀልቷል።

ሰው ሁለት ጥያቄ ይጠይቀኛል። አንደኛው "ውኃ በሌለበት ይሄ ሁሉ አበባ ከየት መጣ?" የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ "እኔ ጠዋት ማታ እያጠጣሁት ለምንድነው የማያብብልኝ?" የሚል። የሁለቱም መልስ አንድ ነው። እሱን ከተረዳችሁ ዛፉን ማሳደግ ከባድ አይደለም፤ ስለዚህ ወደ ዘሩና ወደ አፈሩ ከመሄዳችን በፊት ከጠባዩ እንጀምር።

በአማርኛ ስሙ የድሬዳዋ ዛፍ ነው። ሐዋሳ ቢበቅል፣ አዳማ ቢበቅል የድሬዳዋ ዛፍ ነው የሚባለው፤ ለኛ ለድሬ ልጆች ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ትውልዱ ግን እዚህ አይደለም። አገሩ ማዳጋስካር ነው። ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች ፍላምቦያን ይሉታል፣ እንደ እሳት የሚንቦገቦግ ለማለት። ሕንዶች ጉልሞሃር ይሉታል። ሳይንሳዊ ስሙ ዴሎኒክስ ሬጂያ ነው። ሬጂያ በላቲን ንጉሣዊ ማለት ነው። ዴሎኒክስ ደግሞ ከሁለት የግሪክ ቃላት የመጣ ሆኖ "ጎልቶ የሚታይ ጥፍር" እንደማለት ነው። ጥፍር ምን አመጣው ካላችሁ የወደቀ አበባ አንሱና እዩት።

እስቲ በእጃችሁ ያዙት። አምስት መልካበባ አለው። እያንዳንዱ ከላይ ሰፋ ብሎ ወደ ታች ሲወርድ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ሄዶ እንደ ጥፍር ሹል ሆኖ ነው የሚያልቀው። ስሙ ከዚህ ነው የመጣው። አራቱ ቀይ ናቸው። አምስተኛው ግን ይለያል፦ ቀና ብሎ ይቆማል፣ ትንሽ ተለቅ ይላል፣ ነጭ ወይም ቢጫ ሆኖ ቀይ ቀለም የተረጨበት ይመስላል። ልጅ ሆነን "ንጉሡ" እንለው ነበር። እሱ ምልክት ነው። የአበባው ማር በዚህ በኩል ነው ብሎ ለሚመጣው ይጠቁማል። ቀዩ ቀለምም ወፍ የሚጠራ ቀለም ነው። የዚህ ዛፍ ነጭ አበባ ያላቸው ዘመዶች ደግሞ ሌሊት የምትበረውን የእሳት እራት ነው የሚጠብቁት፤ በጨለማ ነጭ ይታያል፣ ቀይ አይታይም።

ዘመድ ካልን አይቀር፣ የድሬዳዋ ዛፍ የባቄላና የአተር ቤተሰብ ነው። ግራርም፣ ጭማቂውን የምንጠጣው ሁመርም እዚያው ቤተሰብ ውስጥ ናቸው። ረጅሙን ሰይፍ የሚመስለውን ፍሬውን ስትከፍቱት ዘሮቹ ልክ እንደ ባቄላ በየክፍላቸው ተኝተው ስታዩ ዝምድናው ይገባችኋል። ከዚህ ሌላ ቅርብ የሆነ ዘመድም አለው፤ በምሥራቅ ኢትዮጵያ ቆላማ ቦታዎች ራሱን ችሎ የሚበቅል፣ አበባው ነጭ ሆኖ ቆይቶ ወደ ቢጫ የሚለወጥ። እሱ የዚሁ የኛ አገር ዛፍ ነው።

አሁን ወደ ማዳጋስካር እንሂድ፤ የዛፉ ጠባይ የሚገባን እዚያ ነውና። ዛፉን ለሳይንስ ያስተዋወቀው ቦየር የሚባል የቦሄሚያ ተወላጅ የዕፅዋት ተመራማሪ ነው፤ ስሙ በጽሑፍ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1829 ነው። ግን ቦየር ያየው ሰው የተከለውን ነው። ዱር ውስጥ በራሱ የበቀለው የተገኘው ከዚያ 100 ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው። በዚህ መሀል ዛፉ ግማሽ ዓለም ዞሮ ነበር! የተገኘበት ቦታ ደግሞ የሚገርም ነው። በደሴቲቱ ምዕራብና ሰሜን ባለው ደረቅ ደን፣ በኖራ ድንጋይ ገደሎች ላይ ነው የሚበቅለው። እዚያ ለወራት ዝናብ ጠብ አይልም። አፈሩ ስስ ነው፣ ድንጋዩ ውኃ አይዝም።

አሁን ድሬዳዋን አስቧት። ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አማካይ ሙቀቷ 25 ዲግሪ አካባቢ ነው። በዓመት የምታገኘው ዝናብ 600 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ እሱም ተቆራርጦ የሚመጣ። ዙሪያዋ የኖራ ድንጋይ ነው፤ ሲሚንቶ ፋብሪካ የተተከለባት ያለምክንያት አይደለም። ማንቆርቆሪያችን ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ነገር ሁላችንም እናውቀዋለን። ይሄ ዛፍ እዚህ ሲመጣ ባዕድ አገር አልመጣም፤ ቤቱ ነው የገባው።

እንግዲህ በእንዲህ ያለ ቦታ የሚኖር ዛፍ ውኃ ሲጠፋ ምን ያደርጋል? ቅጠሉን ይጥላል። ቅጠል ማለት ውኃ የሚወጣበት በር ነው፤ በቅጠሉ ፊት ላይ ባሉ ዓይን በማያያቸው ቀዳዳዎች ቀኑን ሙሉ ውኃ ይተናል። ድርቁ ሲበረታ ዛፉ በሩን ዘግቶ፣ ከዚያም አልፎ በሩን ራሱን አራግፎ ይጥለዋል። ብዙ ሰው የካቲት መጋቢት ላይ ቅጠሉ የረገፈውን ዛፍ አይቶ "ሞተ" ብሎ መጥረቢያ ያነሳል። አልሞተም! በእርጥቡ ወራት የሠራውን ምግብ ግንዱና ቅርንጫፉ ውስጥ አስቀምጦ እየጠበቀ ነው። ጥርጣሬ ካላችሁ ቀጭን ቅርንጫፍ ላይ በጥፍራችሁ ልጡን ጫር አድርጉት። ውስጡ አረንጓዴ ከሆነ በሕይወት አለ።

ከዚያ ሚያዝያ ላይ ሙቀቱ ሲጨምር ያስቀመጠውን ስንቅ አበባ ላይ ያወጣዋል። ቅጠሉ ገና ሳይሞላ አበባው ይቀድማል። ለዚህ ነው ያ ሁሉ ቀይ ምንም ሳይሸፍነው የሚታየን። ማዳጋስካር ከምድር ወገብ በታች ስለሆነች የዚያ አገር በጋና ክረምት ከኛ ጋር ይገለባበጣል፤ እዚያ የሚያብበው እኛ ጥቅምትና ኅዳር በምንልበት ጊዜ ነው። ወሩ ይለያይ እንጂ ነገሩ አንድ ነው፤ የደረቁ ወቅት ማብቂያ ላይ ነው።

አሁን ጠዋት ማታ የሚጠጣውን ዛፍ ደግሞ እዩት። ውኃ አልጎደለበትም። ቅጠሉን የሚጥልበት ምክንያት የለውም። ዩሪያም ከተጨመረለት ጭራሽ ቅጠል በቅጠል ላይ ያወጣል፣ ቅርንጫፉን ያስረዝማል፣ ስንቁን እዚያ ላይ ይጨርሰዋል። ያማረ አረንጓዴ ዛፍ ይሆናል። አበባ ግን የለም፣ ወይም እዚህም እዚያም ጥቂት ብቻ ነው።

ሳቢያን የሚኖሩ አንድ ጎረቤታችን ግቢ ውስጥ ሁለት የድሬዳዋ ዛፎች አሉ። በአንድ ክረምት የተተከሉ ናቸው። አንዱ ከልብስ ማጠቢያው አጠገብ ነው፤ የልብስ ውኃ በየቀኑ ሥሩ ይደፋበታል። ሌላው ከበሩ ውጭ ነው፤ እሱን ማንም አያየውም፣ ከዝናብ ሌላ ውኃ አያውቅም። እማማ ሁልጊዜ የሚያዝኑት ለውጭው ነበር። "ይሄ ልጄ ተጎዳብኝ" ይሉ ነበር፤ ቁመቱ ከውስጡኛው ያጥራል። በስድስተኛው ዓመት ግንቦት ላይ ሄጄ ሳይ የውጭው ዛፍ ቅጠል የሚባል ነገር አልነበረውም፤ እሳት ነው የሚመስለው። የግቢው ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ቆሟል፣ አንድ አበባ የለውም። እማማ በሩ ላይ ቆመው አንዴ ይሄን አንዴ ያንን ያያሉ። የልብሱን ውኃ ወደ ሌላ አቅጣጫ እንዲያፈሱት ነገርኳቸው። በሁለተኛው ዓመት የውስጡም አበበ።

ይሄ ማለት ግን ችግኝ ሆኖ ሳለ ይጠማ ማለት አይደለም። እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው። ትንሹና ትልቁ ዛፍ የሚፈልጉት የተለያየ ነው። ትልቁ ስንቅ አለው፣ ሥሩ ሩቅ ይደርሳል፤ ትንሹ ምንም የለውም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት በጋዎች ውኃ ያስፈልገዋል። አጠጣጡ ላይ ግን ቁምነገር አለ፦ በየቀኑ አንድ አንድ ጆግ ከማፍሰስ በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ አንድ ጀሪካን ቀስ እያደረጉ ማጠጣት ይሻላል። ጥቂት ውኃ ላዩን ብቻ ነው የሚያርሰው፤ ሥሩም ላዩን ይቀራል። ብዙ ውኃ ሲሆን ወደ ታች ይሰርጋል፤ ሥሩም ተከትሎት ይወርዳል። ከሦስተኛው ዓመት ጀምሮ በጋውን እየቀነሱ መሄድ፣ ከዚያ ለዝናቡ መተው ነው።

ወደ ዘሩ እንመለስ። ዛፉን ከቅርንጫፍ ማብቀል ይቻላል፣ ግን ይዘገያል፤ ከዘር ነው የሚያዋጣው። ዘሩ ደግሞ በነፃ ነው፣ ከተማው ሙሉ ተንጠልጥሏል። ያ ጥቁር ቡናማው፣ ግማሽ ሜትር የሚረዝመው ፍሬ (ልጆች ሰይፍ አድርገው የሚዋጉበት፣ ስትነቀንቁት የሚንኳኳው) ለወራት ዛፉ ላይ ይቆያል። ደርቆ የጠቆረውን ምረጡ። በእጅ አይከፈትም፤ ድንጋይ ላይ አድርጋችሁ በመዶሻ ጎኑን መታ መታ አድርጉት። ውስጡ 20 ወይም 30 የሚሆን ዘር ታገኛላችሁ። ረዘም ያለ፣ 2 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ቡናማ መደብ ላይ ዥንጉርጉር ያለው፣ እንደ ድንጋይ የጠነከረ። ጥሬውን ልጆች እንዳያኝኩት ተጠንቀቁ።

ድንጋይ ያልኩት ለማጋነን አይደለም። እዚህ ላይ ነው የብዙ ሰው ሙከራ የሚከሽፈው። ዘሩን አፈር ውስጥ ቀብረው ውኃ ያጠጣሉ፣ ወር ይሞላል፣ ሁለት ወር ይሞላል፣ ምንም የለም። ዘሩ ሞቶ አይደለም፤ ቅርፊቱ ውኃ አያስገባም። ዛፉ ይሄን ያደረገው ሆነ ብሎ ነው። በደረቅ አገር አንድ ቀን ካፊያ ሲመጣ ዘሩ ሁሉ ቢበቅል በማግስቱ ፀሐይ ሁሉም ያልቃል። ስለዚህ ቅርፊቱን አጠንክሮ፣ አንዱ ዘንድሮ፣ አንዱ ከርሞ፣ ሌላው ከሁለት ዓመት በኋላ እንዲበቅል ያደርጋል። እኛ ግን ዘንድሮ ነው የምንፈልገው። በር መክፈት አለብን።

መንገዱ ሁለት ነው። የመጀመሪያው የጥፍር መቁረጫ ነው። ዘሩን ተመልከቱት፤ በአንዱ ጫፍ በኩል ፍሬው ላይ ተጣብቆ የነበረበት ትንሽ ጠባሳ አለ። ያንን ጫፍ አትንኩት፣ ፅንሱ እዚያ በኩል ነው ያለው። በተቃራኒው ጫፍ ቅርፊቱን ብቻ ትንሽ ቁረጡለት፤ ወይም በብርጭቆ ወረቀት ወይም በሸካራ ሲሚንቶ ላይ ፈቅፍቁት። ከቡናማው ቅርፊት ሥር ፈዘዝ ያለ ነጭ ነገር ብቅ ሲል አቁሙ። ከዚያ በላይ አትሂዱ። ሁለተኛው መንገድ ዘሩ ብዙ ሲሆን ነው። ውኃ አፍሉ፣ ከእሳት አውርዱት፣ ለጥቂት ደቂቃ ተዉት፣ ከዚያ ዘሩ ላይ አፍሱበትና እዚያው እየቀዘቀዘ ይደር። እሳት ላይ እንዳለ ዘሩን አትጨምሩበት፤ ያ መቀቀል ነው።

በሁለቱም መንገድ ዘሩ ውኃ ውስጥ አንድ ቀን ያድራል። በማግስቱ የሠራው ዘር እጥፍ ሆኖ አብጦ ታገኙታላችሁ፣ ሲነካ ለስለስ ይላል። ያላበጠው በሩ አልተከፈተም ማለት ነው፤ ጣሉት ማለት ግን አይደለም፣ እንደገና ፈቅፍቁት። እኔ አሥር ዘር በሲኒ ዘፍዝፌ ማታ ትቼው ጠዋት ስነሳ ሰባቱ አብጠው ሲኒውን ሞልተውት ነበር። ዘር ሲነሳ ማየት ደስ ይላል፣ ምን ልበላችሁ።

ያበጠውን 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ቅበሩት። አፈሩ አሸዋ የበዛበት ይሁን፤ ሦስት እጅ አፈር፣ ሁለት እጅ የበሰለ ፍግ ወይም ኮምፖስት፣ አንድ እጅ አሸዋ ጥሩ ነው። የደቻቱ አሸዋ ይበቃል። የችግኝ ላስቲኩ ረዘም ያለ ይሁን፤ ሥሩ ቶሎ ወደ ታች ስለሚሮጥ አጭር ላስቲክ ውስጥ ይጠመዘዛል፣ የተጠመዘዘ ሥር ደግሞ ዛፉ ካደገ በኋላም አይቃናም። በድሬ ሙቀት በሳምንት፣ ቢበዛ በአሥር ቀን ወፍራም ሁለት ቅጠል አፈር ገፍቶ ይወጣል። አንዴ ከወጣ በኋላ ፈጣን ነው። መጋቢት ላይ የዘራችሁት ሐምሌ ላይ 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ ልክ ዝናቡ ሲይዝ ለተከላ ይደርስላችኋል ማለት ነው።

ችግኝ ገዝቼ ልትከል ለምትሉ ደግሞ አንድ ማስጠንቀቂያ። እኔ ራሴ አንዴ የድሬዳዋ ዛፍ ነው ተብዬ ገዝቼ አራት ዓመት ካሳደግኩት በኋላ ሐምራዊ አበባ አወጣ። የጠብመንጃ ዛፍ ነበር፣ ጃካራንዳ። ትንሽ ሳሉ በጣም ይመሳሰላሉ፣ የሁለቱም ቅጠል እንደ ላባ የተሰነጣጠቀ ነው። መለያው ይሄ ነው፤ የጠብመንጃ ዛፍ ትንንሾቹ ቅጠሎች ጫፋቸው ሹል ነው፣ መጨረሻ ላይ ያለችው አንዷ ከሌሎቹ ትረዝማለች፤ የድሬዳዋ ዛፍ ትንንሽ ቅጠሎች ግን ጫፋቸው ክብ ነው፣ ሁሉም እኩያ ናቸው። ደግሞም ትልልቆቹ ቅጠሎች ከግንዱ የሚወጡበትን እዩ። ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት ከወጡ የጠብመንጃ ዛፍ ነው፤ አንዱ በዚህ አንዱ ከፍ ብሎ በዚያ ከሆነ የድሬዳዋ ዛፍ ነው። የጠብመንጃ ዛፍም ቆንጆ ነው፤ ግን የፈለጋችሁትን አውቃችሁ ግዙ።

አሁን ከሁሉ የሚያሳስበኝ ነገር ላይ ደረስን፤ የት ይተከል?

ይሄ ዛፍ ወደ ላይ ከሚሄደው ወደ ጎን የሚሄደው ይበልጣል። ቁመቱ 10 እስከ 15 ሜትር ይደርሳል፤ አናቱ እንደ ጃንጥላ ተዘርግቶ ከዚያ በላይ ሊሰፋ ይችላል። ሥሩም እንደዚያው ነው። ችግኝ ሳለ ወደ ታች ቢሮጥም ሲያድግ ጥልቅ አይወርድም፤ ከመሬቱ ፊት ሥር እየተሳበ ይሄዳል፣ ሲያረጅ ከግንዱ ግርጌ እንደ ግድግዳ ጎልቶ ይወጣል። ስስ አፈር ላይ፣ ድንጋይ ላይ የኖረ ዛፍ ነውና ወደ ታች መሄድ ልማዱ አይደለም። መንገዱ ላይ ያገኘውን ያነሳል። ኮብልስቶን ያነሳል፣ ቧንቧ ይጫናል፣ የብሎኬት አጥር ይሰነጥቃል። ለገሃሬ ባለው የቤተሰቤ ቤት የመጀመሪያውን ዛፌን ከአጥሩ አንድ ሜትር ተኩል ርቀት ላይ ነበር የተከልኩት። ልጅ ነበርኩ፣ የሚነግረኝም አልነበረም። በዘጠነኛው ዓመት አጥሩ ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ወጣ፤ አበባ በጀመረ በሁለት ዓመቱ መቆረጥ ነበረበት። አባቴ መጋዝ ይዞ የመጣውን ሰው ሻይ አጠጥቶ አንድ ሰዓት አስቀምጦት ነበር፤ መጀመር አልፈለገም። እስካሁን ያን ቀን አልረሳውም።

ስለዚህ ከቤት፣ ከአጥር፣ ከሽንት ቤት ጉድጓድና ከውኃ መስመር ቢያንስ 8 ሜትር አርቁት፣ 10 ከሆነ የተሻለ ነው። ወደ ላይ ቀና በሉና የመብራት ሽቦ እንዳለ እዩ። እንጨቱ ለስላሳ ነው፣ ኃይለኛ ነፋስ ሲመጣ ቅርንጫፉ ይሰበራል፤ መኪና ከምታቆሙበት፣ ልጆች ከሚተኙበት ክፍል ጣሪያ በላይ አይሁን። ሥሩ ሣር ተክዬ አሳምረዋለሁ ካላችሁም ተዉት፤ ጥላውና ጥቅጥቅ ያለው ሥሩ ሣር አያበቅልም። ወንበርና ምንጣፍ ነው የሚስማማው፤ ከሰዓት በኋላ ለበርጫ እንዲህ ያለ ጥላ የት ይገኛል? ጥላው ጨለማ አይደለም፣ በትንንሾቹ ቅጠሎች መሀል ብርሃን እየተበጣጠሰ ይወርዳል። ማታ ደግሞ እነዚያ ትንንሽ ቅጠሎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ተጣጥፈው ይተኛሉ። መብራት ሲጠፋ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ግቢው ጠባብ ከሆነስ? አትትከሉት። ይሄን ስል እያዘንኩ ነው፣ ግን እውነቱ ይሄ ነው። ከውጭ መንገድ ዳር ሰፊ ቦታ ካለ ከሰፈሩ ሰውና ከቀበሌው ጋር ተነጋግራችሁ እዚያ ትከሉት፤ ለግቢው ደግሞ ትንሿን ዘመዱን ፈልጉ። ቁጥቋጦ ናት፣ 3 ሜትር ገደማ ነው ቁመቷ፣ አበባዋ ቀይና ቢጫ ሆኖ ከመሀሉ ረጃጅም ክር የሚወጣ። ቅጠሏም ይመሳሰላል። አጥር አትሰብርም።

የመትከያውን ጉድጓድ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር አድርጉት፣ የወጣውን አፈር ከትንሽ ፍግ ጋር ቀላቅላችሁ መልሱት። ላስቲኩን ቀድዳችሁ አውጡት፤ ከነላስቲኩ የሚተክል ሰው አሁንም አያለሁ። ዙሪያውን ውኃ የሚይዝ ክብ ሥሩለት። ከዚያ ፍየል! ድሬ ውስጥ ችግኝን ከድርቅ በላይ የሚፈጀው ፍየል ነው። እሾህ አጥሩ፣ ከሰው ወገብ በላይ ከፍ ያለ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳይነሳ። ምስጥም አለ። ሥሩ ላይ ደረቅ ሣር ማልበስ እርጥበት ይይዛል፣ ግን ግንዱን እንዳይነካ አንድ ስንዝር ራቅ አድርጉት፣ አልፎ አልፎም ግንዱ ላይ የጭቃ መስመር መኖሩን ተመልከቱ። ካለ ምስጡ መጥቷል፣ ጠራርጋችሁ አንሱት። አዲሱ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ ከቀረ ደግሞ ውኃ ያነሰው አይደለም፤ ኖራ በበዛበት አፈር ብረት የሚባለውን ንጥረ ነገር ሥሩ መሳብ ሲያቅተው ነው የሚሆነው። ኮምፖስት ይረዳዋል። ዩሪያ አይደለም።

ትንሽ ሳለ አንድ ቀጥ ያለ ግንድ ይኑረው። ሁለት እኩያ ግንዶች በጠባቡ ተጣብቀው ሲያድጉ አንዱን አሁኑኑ ቁረጡት፤ ካደገ በኋላ ነፋስ የሚሰነጥቀው ልክ እዚያ ላይ ነው። የታችኞቹን ቅርንጫፎች ሰው እስኪያልፍበት ድረስ ቀስ በቀስ አንሱ። ካደገ በኋላ ግን አናቱን አትጨፍጭፉት። አበባው የሚወጣው ከቅርንጫፉ ጫፍ ነው፤ ከፋሲካ በፊት "ላሳምረው" ብሎ ጫፍ ጫፉን የከረከመ ሰው የዚያን ዓመት አበባ ነው የቆረጠው።

ሐረር ላላችሁ ደግሞ። ከድሬ ተነስታችሁ ደንገጎን ስትወጡ አየሩ ሲለወጥ ይሰማችኋል፤ ሐረር 1,885 ሜትር ላይ ናት። የድሬዳዋ ዛፍ እስከ 2,000 ሜትር ገደማ ይበቅላል፣ ስለዚህ ሐረር ለሱ የዳር አገር ናት። ያድጋል፣ ግን ቀስ ብሎ። የሚጎዳው ብርድ ነው፤ በተለይ ትንሹን ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ሌሊት ጆንያ ወይም ሣር ብትከልሉለት ጥሩ ነው። ቦታው ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚያገኝ ይሁን፤ ከጥላ ሥር የተተከለ እዚያ ማበቡን እርሱት። በግንብ በታጠረው በድሮው ከተማ በጁገል ውስጥ ግቢው ጠባብ ነው፣ ግድግዳውም የድንጋይ ቅርስ ነው፤ እዚያ ይህን ዛፍ መትከል አልመክርም። ከግንቡ ውጭ በሰፋፊው ቦታ ይሻላል።

የመጀመሪያው አበባ መቼ ይመጣል? ሁሉ ከተመቸው በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት። ብዙውን ጊዜ ግን ከዚያ ይዘገያል፣ አሥር ዓመት የሚቆይም አለ። አምስት ዓመት ሞልቶት ካላበበ መጀመሪያ ውኃውን እዩ፣ የልብስና የዕቃ እጣቢ የት እንደሚሄድ ተከታተሉ። ቀጥሎ ፀሐዩን፣ አጠገቡ ፎቅ ተሠርቶ ጋርዶት እንደሆነ። ከዚያ መቀሱን፣ ማን መቼ እንደሚከረክመው። ሦስቱም ደህና ከሆኑ ዕድሜው ገና ነው፣ ጠብቁት።

አሁን ጥር ነው። ፍሬዎቹ ጠቁረው ተንጠልጥለዋል፣ ከዚራ ውስጥ ነፋስ ሲመጣ ሲንኳኩ ይሰማል። ከሥር የወደቁትን ሁለት ሦስት ሰብስባችሁ ዘሩን አውጡና በደረቅ ቦታ በወረቀት ጠቅልላችሁ አስቀምጡት። መጋቢት ሲገባ የጥፍር መቁረጫውን ታወጣላችሁ።